ፎቶግራፉ ተሻግሮ ዕውቀቱ እንዳይቀር፦ የምስል ክምችትን ወደ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስለማዛወር

በባሌ ደጋማ አካባቢ የሚሠራ ባለሙያ ካሜራ ሳይዝ የሚወጣበት ቀን ጥቂት ነው። የሥነ ሕይወት ተመራማሪው በሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮን፣ የግብርና ባለሙያው በሮቤ ዙሪያ በተንጣለለው ሜዳ በዋግ የተመታ ስንዴን፣ የታሪክ አጥኚው ደግሞ ቀድሞ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችው ጎባ የሚገኙትን የቆዩ ቤቶች ፎቶግራፍ ያነሳል። እነዚህ ምስሎች ከዓመት ወደ ዓመት እየተጠራቀሙ በቢሮና በቤት ኮምፒውተሮች ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ይሆናሉ።

ይሁን እንጂ ኮምፒውተር እንደ ድንጋይ ቤት ለዘመናት የሚቆይ ዕቃ አይደለም። ማይክሮሶፍት ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የተወሰነ የደኅንነት ቺፕና አዳዲስ ፕሮሰሰሮችን ስለሚጠይቅ በርካታ የቆዩ ኮምፒውተሮች ሊቀበሉት አይችሉም። ስለሆነም አንዳንዱ በነባሩ ኮምፒውተር ላይ ሊነክስን ለመጫን ይወስናል። ከውጭ አገር ትምህርቱን ጨርሶ የሚመለሰውም ማክ ኮምፒውተር ይዞ ይመጣና ሥራው ሁሉ በዊንዶውስ ከሚካሄድበት ቢሮ ጋር ይገናኛል። በዚህን ጊዜ ዓመታት የፈጀውን የምስል ክምችት ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ግድ ይሆናል።

ለመሆኑ ምስሎቹ ሲዛወሩ አብሮ የሚሄደው ምንድን ነው? የሚቀረውስ? በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ቁም ነገር አንድ ነው። ይኸውም ምስሉ ራሱ በዝውውር ወቅት የሚጠፋው አልፎ አልፎ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ስለ ምስሉ የምናውቀው ነገር፣ ማለትም መቼ፣ የትና በማን እንደተነሳ የሚነግረን መረጃ ነው። ያለዚህ መረጃ ደግሞ ፎቶግራፍ ከማስረጃነት ወደ ጌጥነት ይወርዳል።

የአንድ ፎቶግራፍ ሦስት ክፍሎች

በኮምፒውተር ውስጥ የሚገኝን ፎቶግራፍ በሦስት ክፍሎች ከፍለን ልንመለከተው እንችላለን።

የመጀመሪያው ምስሉ ራሱ ነው። 12 ሜጋፒክስል ካሜራ ያነሳው ምስል 12 ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉት። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ ቀለማት አንድ አንድ ባይት ቢይዝ በድምሩ 36 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው ጄፔግ የተሰኘው የማመቂያ ዘዴ ዓይናችን እምብዛም የማይለያቸውን ዝርዝሮች በመተው ይህን መጠን ብዙ ጊዜ ወደ ጥቂት ሚሊዮን ባይት ያወርደዋል።

ሁለተኛው ክፍል ካሜራው ራሱ በፋይሉ መግቢያ ላይ የሚጽፈው ማስታወሻ ነው። ይህ ማስታወሻ ኤግዚፍ በመባል የሚታወቅ ሲሆን፣ ደረጃው እ.ኤ.አ. በ1995 በጃፓን የወጣ ነው። ምስሉ የተነሳበትን ቀንና ሰዓት፣ የካሜራውን ዓይነት፣ የብርሃን አገባቡን መጠን፣ መሣሪያው ካለው ደግሞ በሳተላይት የተለካውን የቦታ አቀማመጥ ይይዛል።

ሦስተኛው ክፍል ሰው የጨመረው ዕውቀት ነው። አልበሞች፣ የምስል መግለጫዎች፣ የሰዎች ስም፣ ምርጥ ለሆኑት የተሰጡ ኮከቦች፣ እንዲሁም በምስሉ ላይ የተደረጉ እርማቶች በዚህ ውስጥ ይካተታሉ። ይህ ክፍል በአብዛኛው የሚቀመጠው በምስሉ ፋይል ውስጥ ሳይሆን የፎቶግራፍ ማደራጃው ፕሮግራም ለብቻው በሚይዘው ዳታቤዝ ውስጥ ነው።

ነገሩን በቤተ መጻሕፍት ምሳሌ ብናስረዳ፣ መጽሐፉ ምስሉ ነው፤ በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የታተመው የአሳታሚ መረጃ ኤግዚፍ ነው፤ በመግቢያው በር አጠገብ በመሳቢያ የተደረደረው የካርድ ማውጫ ደግሞ ዳታቤዙ ነው። ፋይሎቹን ብቻ ኮፒ አድርጎ መሄድ መጻሕፍቱን በመኪና ጭኖ የካርድ ማውጫውን ሣጥን በባዶው ሕንፃ ውስጥ እንደመተው ይቆጠራል።

ይህ ዕውቀት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከአገራችን አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1868 ከጄኔራል ናፒየር ጋር ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች በትግራይ የመሬት ገጽታዎችን አንስተው ነበር። ከ140 ዓመታት በኋላ የቤልጅየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ ምስሎቹ የተነሱባቸውን ቦታዎች ፈልገው በማግኘት እንደገና ፎቶግራፍ አነሱ። ሁለቱን ሲያነጻጽሩም በብዙ ቦታ የዕፀዋት ሽፋኑና የመሬት አያያዙ ከቀድሞው ተሽሎ አገኙት። የጥንቶቹ ምስሎች ለሳይንስ የበቁት ዘመናቸው ስለሚታወቅና ቦታቸው ሊታወቅ ስለቻለ ነው። ዛሬ በሳነቴ ወይም በሐረና ጫካ የምናነሳቸውም ምስሎች ከ100 ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል።

ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች በምን ይለያያሉ?

የጄፔግ ፋይል ውስጡ በዊንዶውስም ሆነ በማክ ወይም በሊነክስ አንድ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ለፋይሉ ስም፣ ሰዓትና መጠን የራሱን መዝገብ በሚይዝበት መንገድ ላይ ነው። ይህ መዝገብ የፋይል ሥርዓት ይባላል። ዊንዶውስ በአብዛኛው ኤን.ቲ.ኤፍ.ኤስ.፣ ማክ ኤ.ፒ.ኤፍ.ኤስ.፣ ሊነክስ ደግሞ ኤክስት 4 የሚባሉትን ይጠቀማሉ። ማክ በዊንዶውስ የተዘጋጀን ዲስክ ያነባል እንጂ ተጨማሪ ፕሮግራም ካልተጫነለት አይጽፍበትም። ዊንዶውስም በራሱ የማክን ዲስክ አያነብም።

በመሆኑም በመካከል የሚያገናኝ ዲስክ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን በእጃችን የሚገኘው ፍላሽ የተዘጋጀው ፋት 32 በተባለው የቆየ ሥርዓት ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ያነቡታል። ነገር ግን ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ስለዚህ ረዥም ቪዲዮ ወይም በአንድነት የታመቀ ትልቅ ክምችት በዚህ ፍላሽ አይሻገርም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ኤክስፋት ይህን ገደብ ያነሳ ሲሆን፣ ሊነክስም ከ2019 ጀምሮ በራሱ ያነበዋል። ኤክስፋት ግን ሥራው በመሐል ቢቋረጥ የት ላይ እንደደረሰ የሚያስታውስበት የሥራ መዝገብ የለውም። ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ዲስኩን ሥራው ሳይጠናቀቅ መንቀል ወይም ባትሪ በሌለው ኮምፒውተር ረዥም ዝውውር ማካሄድ አይመከርም።

ሌላው ልዩነት በስም ረገድ ነው። ዊንዶውስ የላቲን ትልልቅና ትንንሽ ፊደላትን በስም ውስጥ እንደ አንድ ሲቆጥር ሊነክስ ለይቶ ያያቸዋል። ስለዚህ በሊነክስ ጎን ለጎን የነበሩ ሁለት ፋይሎች በዊንዶውስ አንዱ የሌላውን ቦታ ሊወስድ ይችላል። ካሜራዎችም ቁጥራቸው 9999 ሲደርስ እንደገና ከ1 ስለሚጀምሩ በሁለት ፎልደሮች ውስጥ ፍጹም አንድ ዓይነት ስም ያላቸው የተለያዩ ምስሎች ይገኛሉ። እነዚህን በችኮላ ወደ አንድ ፎልደር የሚያፈስ ሰው «ይተካ?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ብሎ ከመለሰ የቀደመውን ምስል ያጣል። አበው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ፤ እዚህ ላይ ግን የፈሰሰውን መልቀም እንኳ ላይቻል ይችላል።

በፊደላችን የተጻፉ ስሞች

የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3ኛ እትም ነው። ከዚያ ወዲህ «ቀይ ቀበሮ ሳነቴ» ብለን የሰየምነው ፋይል በሦስቱም ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች በትክክል ይነበባል። ከዚያ በፊት በነበሩ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፉ የምስል መግለጫዎች ግን በእርግጥ የላቲን ኮዶች ሲሆኑ፣ የአማርኛ መልክ የሚያገኙት በፊደል ቅርጹ ብቻ ነበር። ቅርጹ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆነው ይታያሉ። እንዲህ ያሉ መግለጫዎች ያሉት ሰው አሮጌው ኮምፒውተር በሕይወት ሳለ ወደ ዩኒኮድ ሊለውጣቸው ይገባል።

ዩኒኮድም ቢሆን ከችግር ነፃ አይደለም። ኤክስት 4 ለአንድ ፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። አንድ የላቲን ፊደል በዚህ አጻጻፍ 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። 255ን ለ3 ብናካፍል 85 እናገኛለን። ዊንዶውስ በአንጻሩ የሚቆጥረው ፊደልን ስለሆነ እስከ 255 የግዕዝ ፊደል ይቀበላል። ስለዚህ ዝርዝር መግለጫን በፋይል ስም ላይ የመጻፍ ልማድ ያለው ሰው በዊንዶውስ ያለ ችግር የያዘው ፋይል ወደ ሊነክስ አልሄድም ሊለው ይችላል። ክፍት ቦታና የፋይሉ ዓይነት መጠሪያም ከዚሁ ላይ ይቀነሳሉ።

የነጥብ ነገርም አለ። የእኛ ሁለት ነጥብ «፡» በስም ውስጥ ሲገባ ችግር የለውም። በላቲን የቁልፍ ሰሌዳ የሚጻፈው ሁለት ነጥብ ግን በዊንዶውስ ስም ውስጥ ክልክል ነው። ማክ ደግሞ ቀንን በእዝባር ለይተን በስም ላይ እንድንጽፍ ይፈቅድልናል፤ በውስጥ ግን እዝባሩን በላቲን ሁለት ነጥብ ለውጦ ያስቀምጠዋል። እንዲህ ዓይነቱ ስም ሊነክስ ላይ በሁለት ነጥብ ሲታይ ዊንዶውስ ግን አይቀበለውም። ቀንን በሰረዝ ለይቶ መጻፍ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

በመጨረሻም በድምፅ የሚመሳሰሉ ፊደሎቻችን አሉ። «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለአንባቢ አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ናቸው። አንድ ጊዜ በአንዱ፣ ሌላ ጊዜ በሌላው የጻፈ ሰው ሲፈልግ ግማሹን አያገኝም። ስለዚህ ለቦታና ለእንስሳት ስሞች አንድ አጻጻፍ መርጦ በዚያው መጽናት ይበጃል።

ሰዓትና ዘመን

ለሳይንስ ሥራ ከሁሉም የሚከብደው የጊዜ ጉዳይ ነው። በቅድሚያ የፋይሉን ቀንና የምስሉን ቀን መለየት ያስፈልጋል። በፎልደር ውስጥ ከስሙ ጎን የምናየው ቀን የፋይሉ ነው። ኮፒ ሲደረግ «የተፈጠረበት» የሚለው ቀን ብዙ ጊዜ ኮፒ የተደረገበት ዕለት ይሆናል። አዲሱ ኮምፒውተር በአዲስ አበባ የሰዓት ቀጠና ካልተስተካከለ ደግሞ ሰዓቱ በ3 ሰዓት ተዛብቶ ሊታይ ይችላል። የምስሉ እውነተኛ ቀን የሚገኘው በኤግዚፍ ውስጥ ነው፤ እርሱም በዝውውር አይለወጥም። የታተመ አሮጌ ፎቶግራፍ በስካነር ሲገባ ግን በፋይሉ ላይ የሚጻፈው ቀን ምስሉ የተነሳበት ሳይሆን በስካነር የገባበት ነው። ይህን በእጅ ካላስተካከልን ከብዙ አሥርተ ዓመታት በፊት የተነሳች ጎባ ከትናንት ምስሎች ጋር ትደረደራለች።

በኤግዚፍ ላይ የሚጻፈው ሰዓት ካሜራውን የሞላው ሰው የነገረው ነው። ደረጃው ከሰዓቱ ጋር የሰዓት ቀጠናን የሚይዝ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠሩ ካሜራዎች የጻፉት ሰዓት በማን አቆጣጠር እንደሆነ ፋይሉ አይናገርም። የእኛ አገር ልማድ እዚህ ላይ ልዩ ችግር ያመጣል። ብዙ ሰው ካሜራውን የሚሞላው በእጁ ሰዓት፣ ማለትም በአገራችን አቆጣጠር ነው።

ለምሳሌ አንድ ተመራማሪ በሳነቴ ላይ በራሱ የሚያነሳ ካሜራ ተክሎ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ «1:00» ብሎ ሞላው እንበል። ቀይ ቀበሮ የሚያድናቸው ትልቁ ፍልፈልና ሌሎች አይጦች ቀን ቀን ስለሚወጡ እርሱም በአብዛኛው በቀን የሚንቀሳቀስ አውሬ ነው። በዚህ ካሜራ ግን በቀን የተነሱት ምስሎች በሙሉ ከ1 እስከ 12 ሰዓት ባለው ውስጥ ይመዘገባሉ። ምስሎቹ ወደ አዲስ ኮምፒውተር ሲሻገሩ የመስክ ደብተሩ ቢቀር፣ ዓለም አቀፉን አቆጣጠር የሚያነብ ሰው ከንጋቱ 1 ሰዓት ተኩል የተነሳውን ቀበሮ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሲያድን እንደተገኘ ሊመዘግበው ይችላል። ሙሉ ስሕተት የሆነ ድምዳሜ፣ አንዲት ፒክስል እንኳ ሳትበላሽ፣ እንዲህ ይወለዳል።

የሰዓቱ ስሕተት በሁሉም ምስሎች ላይ 6 ሰዓት በመደመር ይታረማል። የዘመኑ ስሕተት ግን ከዚህ ይጠናል። ካሜራ የሚያውቀው 12 ወር ያለውን የጎርጎርዮስ አቆጣጠር ብቻ ነው። ጥቅምትን «2ኛ ወር» ብሎ የሞላ ሰው ካሜራው ፌብሩዋሪ አድርጎ ይወስድበትና በ28ኛው ቀን ማግሥት ወደ 3ኛው ወር ይሻገርበታል፤ ጥቅምት 29 እና 30 አይኖሩም። ጳጉሜን ደግሞ ካሜራው ጨርሶ አያውቃትም። ስለዚህ በእኛ ዘመን አቆጣጠር የተሞላ ካሜራን ቀን በአንድ ወጥ ድምር ማረም አይቻልም፤ ከመስክ ደብተር ጋር ወር በወር ማመሳከርን ይጠይቃል። ካሜራውን ከመነሻው በዓለም አቀፉ ቀንና ሰዓት መሙላት፣ የኢትዮጵያን ቀን ደግሞ በመግለጫ ላይ መጻፍ የተሻለው መንገድ ነው።

ማደራጃ ፕሮግራሞች ሲያልፉ

ከላይ ሦስተኛ ብለን የጠቀስነው ክፍል ዕጣው ከአደራጀው ፕሮግራም ጋር የተያያዘ ነው። ፒካሳ በአንድ ወቅት በአገራችንም በሰፊው ይሠራበት የነበረ ፕሮግራም ሲሆን፣ ባለቤቱ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 ድጋፉን አቁሟል። ፒካሳ የምስል መግለጫዎችን በጄፔግ ፋይሉ ውስጥ ይጽፍ ስለነበር እነርሱ ይሻገራሉ። ኮከቦችንና እርማቶችን ግን በየፎልደሩ በሚደብቃት ትንሽ ፋይል ውስጥ ያኖር ስለነበር ምስሎቹን ብቻ መርጦ ኮፒ ያደረገ ሰው ያጣቸዋል።

በማክ ላይ ያለው ፎቶስ የተባለው ፕሮግራም ክምችቱን በአንድ ፋይል መልክ ያሳያል። በእርግጥ ግን ውስጡ ፎልደር ነው። ወደ ዊንዶውስ ወይም ሊነክስ እንዳለ ቢወሰድ ይከፈትና በውስጡ ረዣዥም የቁጥርና የፊደል ድርድር የሆኑ ስሞች ያሏቸው ፋይሎች ይገኛሉ፤ አልበሞቹ አይታዩም። መደረግ ያለበት ፕሮግራሙ ራሱ ዋናዎቹን ምስሎች ከነመግለጫቸው እንዲያወጣ ማዘዝ ነው። በዚህን ጊዜ መግለጫዎቹ ኤክስ.ኤም.ፒ. በሚባል ቅርጽ ከእያንዳንዱ ምስል ጎን በተለየ ትንሽ ፋይል ይቀመጣሉ። የአይፎን ስልኮች እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የሚያነሱበት ኤች.ኢ.አይ.ሲ. የተባለው የምስል ዓይነትም በቆዩ ኮምፒውተሮች ስለማይከፈት፣ ዋናውን ሳያጠፉ የጄፔግ ቅጂ ማዘጋጀት ተገቢ ነው።

ከዚህ የምንማረው ዕውቀቱን በፕሮግራሙ ዳታቤዝ ብቻ አለመተው ነው። ዲጂካም የተባለው ነፃ ፕሮግራም በሦስቱም ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ይሠራል፤ መግለጫዎችን፣ ቁልፍ ቃላትንና ኮከቦችንም በምስሉ ፋይል ውስጥ እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል። ኤግዚፍቱል የተባለው ሌላው ነፃ መሣሪያ በሺህ የሚቆጠሩ ምስሎችን ሰዓት በአንድ ትእዛዝ ያርማል።

ዲስክ በደጋ አገር

እስካሁን የተናገርነው ስለ መረጃው ነው። መረጃው የሚጓጓዝበት ዲስክ ደግሞ የፊዚክስ ሕግ ይገዛዋል፤ በባሌ ደጋ ላይ ይህ ሕግ ጎልቶ ይታያል።

በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ያለው ሃርድ ዲስክ አንባቢ ጫፉ ሳህኑን አይነካውም። ሳህኑ ሲሽከረከር አብሮ የሚሄደው ቀጭን የአየር ንጣፍ ጥቂት ናኖ ሜትር ከፍ አድርጎ ያንሳፍፈዋል። አየሩ ሲሳሳ ይህ ትራስ ይደክማል፤ ጫፉም ወደ ሳህኑ ይቀርባል። በዚህም ምክንያት ብዙ አምራቾች ዲስካቸው እየሠራ ሊደርስ የሚችለውን ከፍታ በ3,048 ሜትር ይወስናሉ። ሮቤ በ2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ ከወሰኑ በታች ናቸው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለባት ዲንሾ ግን በወሰኑ አካባቢ ናት። የሳነቴ አምባ ወደ 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ ከእርሱም በላይ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። በሳነቴ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ስፍራ የሚሽከረከር ዲስክን ማሠራት አደጋ አለው። ጠፍቶ ማጓጓዝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለማይሠራ ዲስክ የሚፈቀደው ከፍታ እጅግ የበለጠ ነው።

ፍላሽ፣ ሚሞሪ ካርድና ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚሽከረከር አካል ስለሌላቸው ከፍታ አያስቸግራቸውም። እነርሱ መረጃን የሚይዙት በዓይን በማይታይ እጅግ ጥቃቅን ክፍል ውስጥ ኤሌክትሮኖችን በማጠር ነው። አጥሩ ግን ፍጹም አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለብዙ ዓመታት በመሳቢያ የተቀመጠ ፍላሽ ቀስ በቀስ ይዘቱን ሊያጣ ይችላል። ፍላሽ ለመጓጓዣ እንጂ ለዘለቄታ ማኖሪያ አይሆንም።

በሳነቴ ሌሊት ብርዱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። እንዲህ የቀዘቀዘ ካሜራ ወይም ዲስክ በሮቤ ሞቃት ክፍል ውስጥ በድንገት ሲከፈት በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በላዩና በውስጡ ወደ ጠል ይለወጣል። በታሸገ የፕላስቲክ ከረጢት እንደተጠቀለለ ክፍሉን እስኪመስል መቆየት ከዚህ ይጠብቀዋል።

መሻገሩን እንዴት እናረጋግጣለን?

ኮፒ ማድረግ ተጠናቀቀ ማለት ትክክል ሆነ ማለት አይደለም። የፋይሎችን ብዛትና ጠቅላላ መጠን ማመሳከር የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ይሁንና በአንድ ፋይል ውስጥ የተለወጠችን አንዲት ቢት አያሳይም። ለዚህ የሚያገለግለው ሻ 256 የሚባለው ስሌት ነው። ስሌቱ የፋይሉን ባይቶች በሙሉ አንብቦ 64 ምልክት ያለው ቁጥር ያወጣል። ይህ ቁጥር ለፋይሉ እንደ ጣት አሻራ ነው። ከፋይሉ አንዲት ቢት ብትለወጥ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። በአሮጌው ኮምፒውተር የተሰላው ቁጥር በአዲሱ ከተሰላው ጋር አንድ ከሆነ ፋይሉ ሳይለወጥ ደርሷል ማለት ነው። ስሌቱን የሚሠሩ ትእዛዞች በሦስቱም ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች አሉ። አሻራው የሚወሰደው መግለጫና ሰዓት ሁሉ ታርሞ ካለቀ በኋላ መሆን እንዳለበት ልብ ይሏል፤ በፋይሉ ውስጥ ቀኑን ማረምም አሻራውን ይለውጣልና።

የሥራው ቅደም ተከተል

ከላይ የተዘረዘሩትን በቅደም ተከተል ስናስቀምጣቸው የሚከተለውን ይመስላሉ።

1ኛ፦ ምንም ነገር ከመነካቱ በፊት ክምችቱ እንዳለ፣ ከማደራጃው ዳታቤዝና ከተደበቁ ፋይሎች ጋር፣ ወደ አንድ ዲስክ ይገልበጥ። ይህ ቅጂ አይነካም።

2ኛ፦ የተለያዩ ካሜራዎች ሰዓትና ዘመን ከመስክ ደብተር ጋር ተመሳክሮ ይታረም።

3ኛ፦ መግለጫዎችና ቁልፍ ቃላት ከዳታቤዙ ወጥተው በየምስሉ ውስጥ ወይም ጎን ይጻፉ። የአልበም ስሞችም እንደ ቁልፍ ቃል ቢጻፉ አይጠፉም።

4ኛ፦ ከ85 ፊደል የሚበልጡ ስሞች ይጠሩ፤ የተከለከሉ ምልክቶች ይውጡ። በስሙ መጀመሪያ ላይ ዓመት፣ ወርና ቀን በሰረዝ ቢጻፉ ፋይሎቹ በየትም ቦታ በጊዜ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ፤ ተመሳሳይ ስሞችም ይለያያሉ።

5ኛ፦ የሁሉም ፋይል አሻራ ተሰልቶ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ይያዝ።

6ኛ፦ በኤክስፋት በተዘጋጀ ዲስክ ይሻገር። 200 ጊጋባይት በሴኮንድ 30 ሜጋባይት በሚያሳልፍ የቆየ ዩ.ኤስ.ቢ. መስመር ወደ 2 ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ ባትሪው የተሞላ ላፕቶፕ ወይም የመጠባበቂያ ኃይል ያስፈልጋል።

7ኛ፦ በአዲሱ ኮምፒውተር አሻራው እንደገና ተሰልቶ ይመሳከር። ከዚያም ከተለያዩ ዓመታት ጥቂት ምስሎች ተከፍተው ቀናቸውና መግለጫቸው በዓይን ይታይ።

8ኛ፦ አሮጌው ኮምፒውተር ይህ ሁሉ ሳይረጋገጥ አይጥፋ። ከተረጋገጠም በኋላ ሦስት ቅጂዎች፣ በሁለት ዓይነት ማኖሪያ፣ አንዱ በሌላ ቦታ መኖር አለባቸው። አንዱን በሮቤ፣ ሌላውን በጎባ ማኖር ለአንድ ተመራማሪ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ውድ አንባቢያን፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ቅርሱን መጠበቅ ማለት ግን ትናንት ምን እንደነበረ ማወቅንም ይጨምራል። የሳነቴ ረግረግ የት ድረስ ይደርስ እንደነበር፣ አስታው በየትኛው ዳገት ላይ እንደተቃጠለና መቼ እንደገና እንዳቆጠቆጠ ለሚጠይቅ የነገ ተመራማሪ መልሱ ምናልባት ዛሬ በአንዳችን ኮምፒውተር ውስጥ ያለ፣ ቀኑ ያልታረመና መግለጫ ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ሊሆን ይችላል። ቀኑን ማረምና አንድ መስመር መግለጫ መጻፍ የሚችለው ደግሞ ቦታውን የረገጠው ሰው ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ አሮጌው ኮምፒውተር ገና እየሠራ ባለበት በዚህ ጊዜ ሥራውን ብንጀምር መልካም ነው።